ከየት ግራ ነው ጋሼ?

በደብረ ማርቆስ ከተማ ሬዲዮ ስፈታ፣ ቴሌቪዥን ስገጥም፣ ሞተ የተባለ ኮምፒውተር ሳስነሳ ዕድሜዬን ስፈጅ፣ የሥራዬን ስህተት ያገኙብኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ዓይናቸው አያይም። አታምኑኝም፣ አውቃለሁ። ባለቤቴ ጥሩወርቅም ስነግራት አላመነችኝም። እሷ ግን ያላመነችው የዓይናቸውን ነገር አይደለም፤ "አንድ ሰው ብቻ" የሚለውን ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት ወደ አምበር የሄድኩበት ሚኒባስ ነው። አንድ ወዳጄ ማተሚያው አኩርፎበት ና እይልኝ ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ አፌን ዘግቼ መቀመጥ አልፈጠረብኝም። ሾፌሩ ያውቀኛል፣ ረዳቱ ያውቀኛል፣ የማያውቀኝ ተሳፋሪ ካለም ከከተማው ሳንወጣ ያውቀኛል። አንዱ ጎልማሳ አጠገቤ ተቀምጦ ስልኬ ተበላሸብኝ፣ ሠሪም ጠፋ እያለ ሲያማርር ሰማሁና፣ ስልክ ምን አላት፣ እኔ በዱሮው ጊዜ ብዬ ያቺን የታወቀች ታሪኬን ጀመርኩ። መብረቅ የመታውን ኮምፒውተር፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ እጁን አራግፎ የሄደበትን፣ እኔ ብቻዬን ሦስት ቀን ታግዬ ያስነሳሁትን። ሰዉ አፉን ከፍቶ ይሰማል። የኋላ ወንበሮች ሳይቀሩ ጸጥ ብለዋል። እኔም ልክ ወሳኙ ቦታ ላይ ደርሼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ከዚያማ ከግራ ሦስተኛዋን ቆብ በጥፍሬ ነቀል አደረግኳትና" ስል፣ ከኋላ አንዲት ሴት ረጋ ባለ ድምፅ፦

"ከየት ግራ ነው ጋሼ?" አለች።

ዞር አልኩ። ጥቁር መነጽር ያደረገች፣ የታጠፈ ነጭ በትር ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠች፣ ደህና ሹራብ የለበሰች ሴትዮ ናት። ፊቷን አላወቅኩትም። "ውባለም ነኝ" አለች ፈገግ ብላ። አምበር እስክንደርስ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ረዳቱ ሁለት ጊዜ አመመዎት እንዴ ብሎ ጠይቆኛል። ተሳፋሪው የሷ ጥያቄ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ የገባው አንድ ነገር ቢኖር እኔ ዝም ማለቴን ነው፤ እሱም አስደንግጦታል።

ያኔ ሱቄ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ በልብስ ሰፊና በካሴት ቤት መሀል የተወተፈች ነበረች። ዘመኑን በቁጥር አትጠይቁኝ፤ ካሴት ገና ያልሞተበት፣ ኮምፒውተር ገና በደንብ ያልተወለደበት ዘመን ነው በቃ። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም ትጠጣ ነበር፣ ያውም በጠባቧ ብርጭቆ ሳይሆን በትልቋ። ፓስቲ በአሥር ሳንቲም። አንድ ጥንድ ሸራ ጫማ ገዝተህ ክረምቱን በጭቃ፣ በጋውን በአቧራ ታሳልፈውና ለዓመቱ ጥምቀት በኖራ አቅልመህ እንደ አዲስ ትወጣበታለህ። እኔ ቡናማ ቴርጋል ሱሪ ነበረችኝ፤ ተኩሷ ስለት ነው፣ በሷ ሽንኩርት መክተፍ ይቻል ነበር። በደረት ኪሴ አራት ዓይነት መፍቻ ሰክቼ ስወጣ የማያውቀኝ ሐኪም ይለኛል። ከሁሉም በላይ ግን ሪዜ ነበረች። ቫዝሊን ቀብቼ፣ በትንሽ ማበጠሪያ ወደ ላይ ጠምዝዤ፣ ሱቁን ከመክፈቴ በፊት እሷን ነበር የማስተካክላት። ካሴት ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ አንዱን ዘፈን እየደጋገመ ያጫውታል፤ ልብስ ሰፊው በዚያው ምት ፔዳሉን ይረግጣል፤ እኔም በዚያው ምት ብየዳዬን እበይዳለሁ። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ታች ስልክ ይሸጣሉ፣ ላይ ጥርስ ይነቅላሉ። ሳልፍ ጆሮዬ እስከ ዛሬ ያን ዘፈን ይፈልጋል።

መምህር ልሳነወርቅን ማርቆስ ውስጥ የማያውቅ የለም። ያኔ ጠይም፣ ቀጥ ያሉ፣ ኮታቸው ሁልጊዜ የተቆለፈ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ወሰደው፤ ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት አድገው፣ ከዚያ ዘመናዊ ትምህርት ተምረው፣ በመጨረሻ እኛ ከተማ ታሪክና ጂኦግራፊ አስተማሪ ሆነው መጡ። በጎን ደግሞ አራት ዓይነ ስውር ተማሪዎች ነበሯቸው፤ ሁሉም ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚቀመጡ። ዓይናማው ተማሪ ደብተሩን ይዞ አጥር ሥር ያጠናል፤ እነዚህ አራቱ ግን የሚያነብላቸው ሰው እስኪገኝ መጠበቅ ነው። አንባቢው ደግሞ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ገበያ ይሄዳል። ስለዚህ መምህር ዓመቱን ሙሉ የሁለቱንም ትምህርት ማጠቃለያ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሲጽፉ ከረሙ። የሚጽፉት በስድስት ቁልፍ ብቻ ነው፤ ብሬል ስድስት ነጥብ አይደል። ስክሪኑን የሚያጠፉት ይመስለኛል፣ ምን ያደርግላቸዋል። ከኮምፒውተሩ ጋር ከአንድ በጎ አድራጊ ድርጅት የመጣ የብሬል ማተሚያ አለ፤ ወፍራም ወረቀት ላይ ነጥቡን እየበሳ የሚያወጣ፣ ሲሠራ በረዶ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የሚመስል። ጽሑፉ አልቆ፣ ወረቀቱ ተዘጋጅቶ፣ ሊታተም አንድ ሳምንት ሲቀረው ከጮቄ በኩል የመጣ ደመና ትምህርት ቤቱ ላይ ቆመ። የኛን አገር መብረቅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ኮምፒውተሩ ተረፈ፤ ማተሚያው ተረፈ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ ያለው መሰኪያ ግን ከሰለ።

ድርጅቱ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ላከ። ክራቫት ያሰረ፣ ደህና ልጅ ነው፣ አልጠላውም። ከፍቶ አየው፣ አሸተተው፣ ዋናው ሰሌዳ ተቃጥሏል፣ እዚህ የሚሠራ የለም አለ። ማተሚያው እዚህ አቧራ ከሚጠጣ ሌላ ከተማ ላሉ ተማሪዎች ቢሰጥ ይሻላል፤ ሰኞ መኪና መጥቶ ይወስደዋል ብሎ ሄደ። ክፋት የለበትም፣ እውነቱን ነው። ግን ማተሚያው ሄደ ማለት የመምህር የዓመት ልፋት እዚያ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ቀረ፣ አራቱ ልጆችም ባዶ እጃቸውን ፈተና ገቡ ማለት ነው።

እኔ ይህን የሰማሁት ሻይ ቤት ነው፤ ረቡዕ ቀን። ሰዉ ሁሉ ከንፈር ሲመጥ እኔ አፌ ቀደመኝ። እስከ ቅዳሜ ያን ማተሚያ ካላናገርኩት ሪዜን ላጩኝ አልኩ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ሞተ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ዛሬውኑ እንዲስል የነገሩት አሉ። ልብ በሉ፣ ይህን ስል ያን ኮምፒውተር አይቼው አላውቅም።

አሁን ትንሽ ሙያ ላውራ፤ ታገሱኝ፣ ከባድ አይደለም። ኮምፒውተር ውስጥ ረዣዥም ጥቁር መሰኪያዎች አሉ፤ ተጨማሪ ካርድ የሚሰካባቸው፣ ከዋናው አእምሮ ጋር የሚገናኙበት የጋራ መንገድ ነው። ባስ ይሉታል። የዛሬ ካርድ ገና ስትሰካው ራሱን ያስተዋውቃል፤ እኔ እገሌ ነኝ፣ የመጣሁት ከእንዲህ ያለ ቦታ ነው፣ ሥራዬ ይህ ነው ይላል። የዱሮው ባስ ላይ የሚሰካው ካርድ ግን ድዳ ነው። ገብቶ ይቀመጣል፣ አይናገርም። ስርዓቱን የሚመራው እምብርት፣ ከርነል የሚሉት፣ እዚያ ካርድ መኖሩንም አያውቅም። ስለዚህ አንተ አስተዋዋቂ ሆነህ በጽሑፍ ትነግረዋለህ። አንድ መስመር ናት፦ እንዲህ የሚባል ካርድ አለህ፣ የተቀመጠው በዚያ ባስ ላይ ነው፣ የቤት ቁጥሩ ይህ ነው፣ ሲፈልግህ የሚደውለው ደወል ይህ ነው። የቤት ቁጥሩና ደወሉ ደግሞ ካርዱ ላይ በእጅ ነው የሚወሰኑት። ጥንድ ጥንድ ሆነው የቆሙ ትንንሽ የብረት እሾሆች አሉ፤ ከጥንዶቹ በፈለግኸው ላይ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ቆብ ታለብሰዋለህ። ጃምፐር ትባላለች ቆቢቱ። ከርነሉ የጻፍክለትን ያምናል። ሳያጣራ ያምናል። እንደዚህ የሚያምነኝ ፍጡር በሕይወቴ አግኝቼ ስለማላውቅ በጣም ነበር የወደድኩት።

ይህን ሁሉ ማን አስተማረህ ካላችሁኝ፣ ማንም። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ ትራስ የሚያህል መጽሐፍ ነበር፤ ረቡዕ ማታ መዝገበ ቃላት ይዤ ገባሁበት፣ ሐሙስ ጠዋት ወጣሁ። ካርዱንም ከየትም አላመጣሁትም፤ ከሬዲዮ ቅራቅንቦ ጋር በጆንያ የገዛሁት ውስጥ ነበረ። አረንጓዴ፣ አቧራ የለበሰ፣ መሰኪያው ልክ የተቃጠለውን የሚመስል። መመሪያ ወረቀቱ የለም፤ ግን የካርዱ ጀርባ ላይ የደወሎቹ ቁጥር በነጭ ቀለም ታትሟል፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ሰባት። ሦስትንና አራትን አልፈለግኋቸውም፤ ያ የከሰለው መሰኪያና ወንድሙ ይዘዋቸው የነበሩ ናቸው፣ የሙት ቦታ አልቀመጥም አልኩ። ሰባት የሌላ ነው። አምስት ነጻ ነበረች፤ ከግራ ሦስተኛዋ። ካርዱን ገልብጬ ከግራ ሦስተኛዋን ጥንድ ቆብ አለበስኳት፣ ከርነሉ መስመር ላይም ደወል አምስት ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ የቀረኝ ጭብጨባ መቀበል ብቻ ነበር።

አስነሳሁት። ከርነሉ ካርዱን አገኘሁት አለ፤ ስሙን ጠርቶ፣ የቤት ቁጥሩን ጠርቶ። ጮህኩ። መምህርም በአጠገቤ ተቀምጠው ነበርና እጃቸውን ጨበጥኳቸው። ማተሚያው ታክ ታክ ታክ ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ ቆመ። እንደገና አስነሳሁት፤ ታክ ታክ አለ፣ ቆመ። ሐሙስ እንዲህ ሆኖ መሸ። ዓርብም እንዲሁ። መስመሩን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጻፍኩት፤ ስሙን ለወጥኩ፣ የቤት ቁጥሩን ከካርዱ ጋር አብሬ ለወጥኩ፣ ገመዱን ለወጥኩ፣ ማተሚያውን ገላመጥኩ። ያልነካኋት ደወሏን ብቻ ነው፤ እሷንማ በሁለት ዓይኔ አይቼ ነው ያስቀመጥኳት። ዓርብ ማታ ጥሩወርቅ እራት ስታቀርብልኝ ፊቴን ሳይሆን ሪዜን ነበር የምታየው፤ እንደሚሸኝ ሰው።

ቅዳሜ ጠዋት ገበያው ከወዲያ ይንጫጫል፤ እኔ ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ጎንበስ ብያለሁ። መምህር ወንበር ላይ ናቸው። አንዲት ተማሪ ደግሞ ጥግ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ከአራቱ አንዷ ናት፣ ከቁይ በኩል የመጣች፣ ስሟን እንኳ ያኔ አልጠየቅኋትም። የመጀመሪያው ገጽ ሲወጣ አንብባ ልክ መሆኑን እንድትነግራቸው ነው የጠሯት። ከሐሙስ ጀምሮ እየመጣች ቁጭ ብላ ትሄዳለች፣ አትናገርም። እኔም፣ ካርድ መኖሩን እንደማያውቅ ከርነል፣ እሷን ረስቻታለሁ።

ማተሚያው ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ታክ ታክ ብሎ ሲቆም፣ መምህር "አሥራ ስድስት" አሉ።

ምኑ አልኳቸው። ሁልጊዜ አሥራ ስድስት ፊደል ነው የሚመታው፣ ከሐሙስ ጀምሮ ስቆጥር ነው የከረምኩት አሉኝ። አንድም ቀን አሥራ አምስት፣ አንድም ቀን አሥራ ሰባት ሆኖ አያውቅም። የተበላሸ ነገር እንዲህ አይጠነቀቅም፤ ይህ አንድ ጉርሻ ሰጥቶ ሌላውን ለመስጠት ጥሪ የሚጠብቅ ነው አሉ። እስቲ ከመጀመሪያው አስረዳኝ፣ ማን ለማን ነው የሚደውለው አሉኝ። እኔም ለእናንተ እንዳስረዳሁት፣ ትንሽ ጉራ ጨምሬ አስረዳኋቸው። ካርዱ ጉርሻውን ሲውጥ ይደውላል፣ ከርነሉ ደወሉን ሲሰማ ሌላ ይሰጠዋል። ካርዱ ግን ድዳ ስለሆነ የትኛውን ደወል እንደሚደውል ሰው በጽሑፍ ነው የሚነግርለት አልኳቸው።

"ከርነል የምትለው እንደኔ ነዋ" አሉ። "ሰው ገብቶ ስሙን ሳይናገር ቁጭ ሲል ክፍሉ ባዶ ነው የሚመስለኝ። ሌላ ሰው፣ እገሌ እዚህ ጋ ተቀምጧል ካለኝ ደግሞ አምኜ ወደዚያ ዞሬ አወራለሁ። የነገረኝ ሰው ከተሳሳተ ለግድግዳ ሳወራ እውላለሁ።"

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ስንት ደወል አለ አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ይህማ ሰሞነኛ ነው አሉ። ቤተ ክርስቲያን ካህናቱ በሳምንት በሳምንት ተራ ይገባሉ፤ የዚህ ሳምንት ሰሞነኛ እገሌ ነው ተብሎ ተጽፎ ሌላው ቢገባ፣ የተጻፈው ቤቱ ተኝቶ ያልተጻፈው በር ላይ ቆሞ ይውላል። ጽሑፍህ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ሰሞነኛው ግን ያው ራሱ መሆኑን ማን አየ አሉኝ። እኔ አየሁ አልኳቸው፣ በሁለት ዓይኔ። ኮምፒውተሩን አጥፋና አስነካኝ አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አላለኝም። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ሻይ ቤት ምላጭ እየተሳለ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ጨዋታ የያዙ መሰለኝ። ግን እምቢ የሚባሉ ሰው አይደሉም። አጠፋሁት፣ ካርዱን ነቅዬ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ጣታቸው እሾሆቹ ላይ ሲያርፍ ፊታቸው ተለወጠ። "አንተ፣ ይህ'ኮ የኛ ጽሑፍ ነው" አሉ። ጥንድ ጥንድ ሆነው የቆሙት እሾሆች፣ አንዱ ቆብ ለብሶ ሌላው ባዶ ሆኖ። እውነትም ብሬል ይመስላል፤ ስንት ዓመት ሳየው እኔ መስሎኝ አያውቅም። በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት፣ ተመለሱ። አንተ ያልከኝ የትኛው ነው አሉ። ከግራ ሦስተኛው ነው አልኩ። ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ከግራ ሦስተኛ።

መምህር ጥንዶቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። አውራ ጣታቸው እዚያችው ቆብ ላይ ነው።

"ከየት ግራ ነው አዳሙ?"

ግራ አንድ ነው መምህር፣ ግራማ ግራ ነው አልኳቸው፤ ይህን ቃል እስካሁን ስሰማው ጆሮዬ ይቀላል። እሳቸው ረጋ ብለው ያስረዱኝ ጀመር፤ ልክ ለአንደኛ ክፍል እንደሚያስረዱት። ብሬል በእጅ የሚጻፈው ወረቀቱን በብረት መስመር፣ ስሌት በሚሉት፣ አጣብቀህ በመውጊያ ከኋላ እየበሳህ ነው። ከኋላ ስለምትበሳው የምትጽፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ወረቀቱን ስትገለብጠው ነጥቡ ወደ ላይ ያብጥና ከግራ ወደ ቀኝ ታነበዋለህ። ስለዚህ ዓይነ ስውር ልጅ ፊደል ሲቆጥር መጀመሪያ የሚማረው ግራ ሁለት መሆኑን ነው፤ የመጻፊያው ግራና የማንበቢያው ግራ። አዲስ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ ይህንኑ ነው የሚሳሳተው፤ እኔም ራሴ ደብረ ወርቅን ትቼ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገባሁ ሰሞን ስሜን ገልብጬ ጽፌ ተስቆብኛል አሉኝ። ከዚያ ካርዱን በሁለት ጣት ይዘው ጀርባውን አሳዩኝ፣ ፊቱን አሳዩኝ፣ እንደገና ጀርባውን።

ቁጥሮቹ የታተሙት ጀርባው ላይ ነው። እሾሆቹ ያሉት ፊቱ ላይ ነው። ካርዱ ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል። ጀርባው ላይ ከግራ ሦስተኛ ያለችው አምስት፣ ፊቱ ላይ ከግራ ሁለተኛ ናት። እኔ ፊቱ ላይ ከግራ ሦስተኛ ብዬ ቆቡን ያለበስኳት አራትን ነው። ካርዱ ሦስት ቀን ሙሉ አራትን ሲደውል፣ ከርነሉ እኔን አምኖ አምስት ሥር ጆሮውን ጥሎ ሲጠብቅ ከርሟል። ምስኪን።

መምህር ቆቧን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፈነቀሏት፤ ጥፍራቸው የስሌት ሰው ጥፍር ነው፣ ጠንካራ። አንድ ጥንድ ወደ ጎን አሻግረው አለበሷት፤ ሲያሻግሩ ሰሌዳው ላይ ቀጭን ጭረት ቀረች። ወስደህ ሰካው፣ ጽሑፍህን ግን አንድም ፊደል እንዳትነካ አሉኝ። ሰካሁት። አስነሳሁት። ማተሚያው ታክ ታክ ብሎ ጀመረ። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፤ መምህር በከንፈራቸው ይቆጥራሉ፤ አሥራ ሰባት። ከአሥራ ሰባት በኋላ መቁጠር አቆሙ። ያ የቆርቆሮ ላይ በረዶ ክፍሉን ሞላው፤ መስኮቱ ነዘረ፤ ወረቀቱ እንደ ምላስ እየረዘመ ወጣ። ጥግ ላይ የነበረችው ተማሪ ተነሥታ ድምፁን እየተከተለች መጣች፤ እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ገና ሞቅ እያለ ተቀበለችው። በጣቷ ሄደችበት። መጀመሪያ በልቧ፣ ቀጥላ ጮክ ብላ አነበበች፤ አባይ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚዞር፣ የማንን አገር አቋርጦ የት እንደሚገባ። ከሷ አፍ አባይን ስሰማ ካርታውን ያየሁት መሰለኝ። የመስመሩ መጨረሻ ላይ ስትደርስ አላቆመችም፤ ወደ ሁለተኛው ገጽ እጇን ላከች። የሚያነብላት ሰው ሳትጠብቅ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሻይ ቤት ደረሰ። ከሰዓት መምህርን ክንዳቸውን ይዤ ስገባ ሰዉ ቆሞ ተቀበለን። እኔ እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ማርያምን፣ ከፍቼ ነበር። መምህር ክንዴን ጠበቅ አደረጉና እሳቸው ቀደሙኝ። አዳሙ ነው የሠራው፣ እኔ ምን አይቼ፣ ቁጭ ብዬ ነው የዋልኩት አሉ። ሻይ ቤቱ ጮኸ፤ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ሪዜ ተረፈች። ወደ ቤታቸው ስሸኛቸው ለምን እንዲህ አሉ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"አንተ የምትበላው በስምህ ነው" አሉኝ። "እኔን መንግሥት ያበላኛል።"

ከዚያ በኋላማ ስሜ ኢንጂነር ሆነ። ከቁይ፣ ከደብረ ወርቅ ሳይቀር ሬዲዮ ተሸክመው ይመጡልኝ ጀመር። ጥሩወርቅ ያገኘችው ምጣድ የምታህል ቴሌቪዥን የዚያን ቅዳሜ ፍሬ ናት። እኔም ታሪኩን በተናገርኩት ቁጥር መምህር ከወንበሩ ትንሽ እየራቁ፣ እኔ ወደ ካርዱ እየቀረብኩ ሄድኩ፤ በመጨረሻ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ራሴም አምኜው ነበር'ኮ። የተጻፈለትን የሚያምን ከርነል ብቻ መሰላችሁ? አራቱ ልጆች ፈተናውን አለፉ፤ ማተሚያው ሰኞም፣ የዓመቱ ሰኞም አልሄደም፤ እስኪያረጅ እዚያው አረጀ። ካርዱን ግን ኮምፒውተሩ ሲጣል ለምኜ ወሰድኩት።

አምበር ስንወርድ ያቺን የጥግ ተማሪ፣ ውባለምን፣ ክንዷን ልይዝ ብል እኔ ነኝ የምይዝዎት አለችኝ፤ መንገዱን ታውቀዋለች፣ ታሪክ ታስተምራለች እዚያ። ይህን ሁሉ ዓመት ሰምተሽ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። መምህር ያን ቀን ለአራታችንም አዳሙ ነው የሠራው በሉ ብለውናል፣ እኛም ብለናል አለችኝ። ዛሬስ ታዲያ ብላት፣ "ዛሬማ ከግራ ሦስተኛዋን በጥፍሬ ሲሉ አልቻልኩም ጋሼ፤ ጥፍሩን ተዉላቸው" አለችኝ። ሪዝ የለኝም አሁን፣ ከዓመታት በፊት ሸብታብኝ ራሴ ነኝ የላጨኋት፤ ባትሸብት ኖሮ ያኔ እዚያው አምበር ገበያ መሀል ላጩኝ ብዬ እቀመጥ ነበር።

ስለዚህ ጥፍሩ የሳቸው ነው። ሂዱና ጠይቁ። መምህር ልሳነወርቅ ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ሰማያዊው በር ውስጥ አሉ፤ ጡረታ ወጥተዋል፣ ጤናቸው ደህና ነው፣ ከሰዓት በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔ የጻፍኩትን ብትነግሯቸው፣ አይ፣ አዳሙ ነው የሠራው፣ እኔ ምን አይቼ ነው የሚሏችሁ። እንዳታምኗቸው። አምበር ወርዳችሁ ውባለምን ጠይቁ፤ እሷ ከአንድ ጥያቄ በላይ አትመልስላችሁም። ጥሩወርቅን ግን አትጠይቋት፣ ስህተቶቼን ልትዘረዝር ትቀመጣለች። ከሁሉም የሚሻለው ወደ እኔ መምጣት ነው፤ ካርዱ ሱቄ ግድግዳ ላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ የጥፍሩ ጭረት እንዳለ ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በአውራ ጣት ሂዱበት፣ ታገኙታላችሁ። ብቻ ስትገቡ ዝም ብላችሁ እንዳትቀመጡ፤ ስማችሁን ተናገሩ።